የዓርብ አደራ

ጃፋር አቡጀዲ የሚለካበትን የብረት ሜትር በሱቁ ደጃፍ ላይ አጋደመና ነጩን ኮፍያውን ከኪሱ አውጥቶ ደፋ።

"ጋሽ ካሳ፣ እንግዲህ አደራ፤ ጁምዓ ደረሰ።"

"ሂድ፣ አለሁ" አለ ካሳ፣ ቀና ብሎ ሳያየው።

"ያቺ የነገርኩዎት ፈረንጅ ጠዋት እመጣለሁ ብላ እስካሁን የለችም። ምናልባት አሁን ብቅ ካለች ቁጭ ያድርጉልኝ። ሶላቱ እንዳለቀ እየሮጥኩ እመጣለሁ።"

"ሰምቻለሁ አልኩህ እኮ! ስንት ጊዜ ትነግረኛለህ?"

ጃፋር ሳቀ። ሲቆጡት የሚስቅ ሰው ነው፤ ካሳን ከሚያቃጥሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ሳቁ ነበር። የተቆጣ ሰው መልሶ የሚቆጣው ይፈልጋል። የሚስቅለት ሰው ግን ቁጣውን እጁ ላይ አስታቅፎት ይሄዳል። ጃፋርም እንደዚያው አደረገና ወደ አንዋር መስጊድ በሚጎርፈው ሕዝብ መሐል ነጭ ኮፍያ ሆኖ ጠፋ።

ሁለቱ ሱቆች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በዚያ መደዳ ላይ ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ግን የማይስተው ደንብ አለ። ሜትር የተጋደመበት ሱቅ ባለቤቱ የለም ማለት ነው። ገዢ ከመጣ ጎረቤት ሜትሩን አንሥቶ ይገባል፤ የጎረቤቱን ዕቃ በጎረቤቱ ዋጋ ይሸጣል፤ ገዢውን ወደ ራሱ ሱቅ አይጠራም። ዓርብ ዓርብ ካሳ ለጃፋር ይሸጣል፤ የራጉኤል ንግሥ ሲሆን ወይም ሌላ በዓል ሲውል ጃፋር ለካሳ ይሸጣል። ይህን ያፈረሰ ሰው "አደራ በላ" ይባላል። ሌባ እንኳ ታስሮ ይፈታል፤ አደራ በላ ግን እስከ ልጅ ልጁ አይፈታም።

ካሳ ደንቡን ያውቃል። ለጃፋር ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ጃፋር ከባቲ ሲመጣ ከለበሳት ሽርጥ በቀር ምንም አልነበረውም፤ ካሳ ሱቁ አስገብቶ ነጠላ ከኩታ፣ ጋቢ ከቡልኮ ለይቶ አሳየው፤ ጨርቅ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ለገዢ ምን ተብሎ እንደሚሰጥ አስተማረው። ኋላም ከጎኑ ያለው ሱቅ ባዶ ሲሆን "ያዛት፣ ከባዕድ አንተ ትሻለኛለህ" ያለው እሱ ነው። ያን ጊዜ አልቀናም። የጃፋር የወሎ ባና፣ ያ ወፍራሙ የሱፍ ልብስ፣ ከካሳ ጋቢ እኩል ሲሸጥም አልቀናም። የቀናው በእንግሊዝኛው ነው።

የሚያናድደው ደግሞ የትምህርቱን ሐሳብ ያመጣው ካሳ መሆኑ ነው። የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ጉባኤ ካደረጉ ወዲህ መርካቶ የውጭ አገር ሰው በዝቶባት ነበር። ካሳ ዋሸራ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት የተቀመጠ ሰው ነው። ግዕዝን ያህል ነገር የገራ ምላስ እንግሊዝኛ አያቅተውም ብሎ አሰበ። ብቻውን ቢሄድ ግን "ሽማግሌ ተማሪ" ብለው ይሥቁበታል። ስለዚህ ጃፋርን ለማጀቢያ ጎትቶ፣ ከራጉኤል ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል፣ ሀብተ ወልድ ከሚባል ክራቫት የማይፈታ ወጣት መምህር ዘንድ ሁለቱም ተመዘገቡ።

የሆነው ነገር የሆነው የቅጽል ትምህርት ቀን ነው።

"እንግሊዝኛ ቅጽል ሲደረድር ወረፋ አለው" አለ መምህሩ። "መጀመሪያ አስተያየት ነው፤ ያምራል ወይስ ያስጠላል። ቀጥሎ መጠን፣ ከዚያ ዕድሜ፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ አገር፣ መጨረሻ ላይ የተሠራበት ነገር።"

ካሳ እጁን አነሣ። "ማን ወሰነው?"

"ምኑን?"

"ወረፋውን። በአማርኛ ነጭ ትልቅ ጋቢ ብል፣ ትልቅ ነጭ ጋቢ ብል ማን ይከሰኛል?"

"ማንም አይከስዎትም። እንግሊዝ ግን ይሥቅብዎታል።"

"እሱ አማርኛ ሲሰብር እኔ ሥቄ አውቃለሁ?"

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። የካሳ ጥያቄ ግን የሚያሥቅ አልነበረም፤ እስከ ዛሬም አያሥቅም። ፈረንጅ አገራችን መጥቶ "እንደምን አደርሽ" ብሎ ለወንድ ሰላምታ ሲሰጥ፣ ጎበዝ ብለን እናጨበጭባለን። እኛ የሱን ቋንቋ አንዲት ቃል ከቦታዋ ብናዛንፍ ግን አንገታችንን እንደፋለን፤ ባልንጀራችን ያላዛነፈ እንደ ሆነ ደግሞ በባልንጀራችን እንቀናለን። ፈረንጁን ትተን በባልንጀራችን!

መምህሩ ካሳን ወደ ጥቁር ሰሌዳው ጠራው። ካሳ ቆሞ ነጩን ከሁሉ አስቀደመ፤ ጥጡን መሐል ሰነቀረ፤ ያማረ የሚለውን መጨረሻ ላይ አንጠለጠለ። ቀጥሎ ጃፋር ተጠራ። ጃፋር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት እጁን አየር ላይ እያንቀሳቀሰ፣ "ናይስ፣ ቢግ፣ ኒው፣ ዋይት፣ ኢትዮጵያን፣ ኮተን" ብሎ አንዱን ከአንዱ ሳያዛንፍ አወረደው።

"ኤክሰለንት!" አለ ሀብተ ወልድ።

ያቺ ቃል ካሳ ጆሮ ውስጥ ገብታ ቀረች። ቅናት እንደ ብል ነው፤ ጋቢውን የሚበላው ከውጭ አይደለም፣ ከእጥፋቱ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱም የሚያውቀው ሲዘረጋው ነው። ካሳ ከዚያ ቀን በኋላ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ጃፋር እየመጣ "የዛሬውን ልንገርዎት፣ ጋሽ ካሳ?" ሲለው "ተወኝ፣ ሥራ አለኝ" ይለዋል። ብቻውን ሲሆን ግን ወረፋውን በልቡ ይደረድራል፤ ሁልጊዜም አንዱ ያመልጠዋል።

ትናንት ደግሞ ጃፋር ዓይኑ እየበራ መጣ። አንድ ትልቅ ሆቴል ለእንግዶቹ የአገር ልብስና የአልጋ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ሊከፍት ነው፤ ሱቁን የሚይዝለት ነጋዴ ይፈልጋል፤ ነጋዴው እንግዶቹን ያለ አስተርጓሚ የሚያናግር መሆን አለበት። ምርጫው በአንዲት ፈረንጅ እጅ ነው። መምህሩ የጃፋርን ስም ሰጥቷታል፤ ዓርብ ትመጣለች። ካሳ "እሰይ" አለው። "እሰይ" ስትል ምላስ ታውቀዋለች፤ ሆድ አያውቀውም።

"ምነው? በዚህ ፀሐይ ጋቢ?" አለች ድንገት አንዲት ድምፅ።

ፋናዬ ናት፣ ሚስቱ። በርበሬ ልትገዛ ወርዳ በዚያው ጎራ ማለቷ ነው። ካሳ በዓመት በዓል ብቻ የሚለብሰውን ጋቢ ተከናንቦ ስታገኘው ዘንቢሏን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች።

"ብርድ ብርድ አለኝ።"

"ብርድ? ላብህ በጆሮህ እየወረደ! ለማን ነው የተዋብከው?"

"ለማንም አይደለም፤ ሂጂ በርበሬሽን ግዢ።"

"ሰሞኑን ደግሞ ተኝተህ ስትናገር እሰማለሁ። ቢግ፣ ቢግ ትላለህ። ይቺ ቢግ የምትባለው ማን ናት? የየት አገር ሰው ናት?"

"ትልቅ ማለት ነው፣ አንቺ ሴት!"

"ትልቅስ ብትሆን! እኔ ደቃቃዋ አልበቃህ ብዬ ነው?" አለችና ሣቀች። ከዚያ የተጋደመውን ሜትር አየችና ሣቋን ቀነሰች። "ጃፋር ሄደ? ከሁሪያ ጋር ጠዋት ተገናኝተን ነበር። የባሏን የሆቴል ነገር ነገረችኝ። ደስ ብሏት መሬት አልበቃት አለ።"

"ይበቃታል፤ መሬት ሞልቷል።"

ፋናዬ ባሏን ትክ ብላ አየችው። ሃያ ዓመት አብረው ኖረዋል። "ካሳ" አለች ቀስ ብላ፣ "ልጁ ክፉ አላደረገህም።"

"አደረገኝ አልኩ? ማን ነው አደረገኝ ያለው? ሂጂ ብያለሁ!"

ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። ካሳ "ልጁ ክፉ አላደረገህም" የሚለውን አመነዠከው። እውነቱን ለመናገር፣ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ክፉ ቢያደርገው ኖሮ ቅናቱን ቂም ብሎ ይጠራውና ደረቱን ነፍቶ ይራመድ ነበር።

ከመስጊዱ የኢማሙ ድምፅ መሰማት ሲጀምርና መንገዱ ጭር ሲል፣ አንዲት ሰማያዊ ቮልስዋገን እየተንደቀደቀች መጥታ ከሱቆቹ ፊት ቆመች። አጭር፣ ፈጣን ሹፌር ወረደና በሌላው ወገን ዞሮ በር ከፈተ። ፀጉሯ የሸበተ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ፈረንጅ ወጣች።

"አባት፣ ጤና ይስጥልኝ! ወርቁ እባላለሁ፣ የእመቤቲቱ ሹፌር ነኝ" አለ ሹፌሩ። "እባክዎ፣ ጃፋር የሚባሉት ነጋዴ ሱቅ የቱ ነው? ጠዋት መድረስ ነበረብን፤ ይቺ መኪና ፍሬን አልይዝም ብላ ጋራዥ ስንንከራተት ዋልን።"

ካሳ ማለት የነበረበት ሦስት ቃል ነው፤ "መስጊድ ነው፣ ተቀመጡ።" አፉንም ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ሴትዮዋ የሱን ሱቅ እያየች ነበር፤ የተደረደሩትን ጋቢዎች፣ ጥለታቸውን፣ ሁሉንም። አንድ ጊዜ እጇ ጋቢዬን ከነካ፣ አለ ሆዱ፣ ስም በኋላ ይታረማል። ያን ጊዜ ግራ እጁ ካሳን ሳያማክር ተነሣ። የጋቢውን ጫፍ ይዞ እስከ አገጩ ድረስ ሳበው። ከክርስትናው ቀን ጀምሮ አንገቱ ላይ የኖረው ጥቁር ማተብ ከጋቢው ሥር ተደበቀ።

"እኔ ነኝ" አለ ካሳ። "ግቡ።"

"እሰይ! ጋሽ ጃፋር፣ ፈልገን ነበር ያጣንዎት" አለ ወርቁ። ሊገባ ሲል የተጋደመውን ሜትር አየ። "ይሄ ብረት ደግሞ ምንድን ነው?"

"ባለቤቱ የለም ማለት ነው።"

"የማን ሱቅ ነው?"

"የጎረቤቴ ነዋ" አለ ካሳ። "የካሳ።"

እንዲህ ነው ነገሩ። ሰው የጎረቤቱን ስም ሲወስድ የራሱን የሚያስቀምጥበት ያጣል፤ ካሳም ስሙን የጎረቤቱ ደጃፍ ላይ ጣለው።

አስገባቸው። መሶብ የሚያህል ጥቅልል ጋቢ ከመደርደሪያው አወረደና እጆቹ ሃያ ዓመት የለመዱትን ሥራ ጀመሩ። እንግሊዝኛው ግን እንደ ፈራው ሆነ። "ዋይት! ቬሪ ዋይት!" አለ። "ኮተን። ቢግ። ጎጃም። ጉድ!" ወረፋው ከሥሩ ተገለባብጦ ወጣ። ላቡ ጀርባው ላይ ተንቆረቆረ። ሳቋን ጠበቀ።

ሴትዮዋ አልሣቀችም። ራሷን ነቀነቀች፣ ቀረብ ብላ አየች፣ ገባት። ነጩ ቀድሞ መምጣቱ፣ ጥጡ ከቦታው መዛነፉ ደንታዋም አልነበረም። ካሳን ከትምህርት ቤት ያስቀረው፣ ተኝቶ ያስለፈለፈው፣ ከጎረቤቱ ያቆራረጠው ወረፋ ለፈረንጇ ይህን ያህል ቀሊል ነገር ኖሯል! ካሳ ግን ደስ አላለውም። ከደስታ ይልቅ ሞኝነት ተሰማው፤ ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ የተዋጋው ማንም ካልገጠመው ጋር ነው።

እጆቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። ጥቅልሉን ሳይፈታ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አሞገሰው። ከዚያ ሁለት ክንዱን ግራና ቀኝ አድርጎ በሙሉ ዘረጋው። ከዚያ ያልተለበሰ መሆኑን የሚያሳየውን የእጥፋት መስመር ገለጠ። ከዚያ ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ ነጣቱን አሳየ። ከዚያ አገሩን ጠራ። መጨረሻ ላይ የጋቢውን ጫፍ ሴትዮዋ እጅ ውስጥ አኖረ፣ ጥጡን ራሷ በጣቶቿ እንድታውቀው።

ሴትዮዋ ጫፉን እንደ ያዘች ቆመች። ፊቷ በራ። ለወርቁ በፍጥነት፣ በእጇም እያሳየች ብዙ ተናገረች።

"ምን አለች?" አለ ካሳ።

"ቆይ፣ አንዴ... እ፣ መምህሩ የነገራት ይሄንኑ ነው ትላለች። ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው የቃላቱ ወረፋ ሲጠፋበት እርስዎ ብቻ እንዴት እንደማይስቱ ጠይቆዎት ነበር አይደል? እርስዎም፣ 'ዓይኔን ጨፍኜ የጎረቤቴን የጋሽ ካሳን እጅ ነው የማየው፤ ጨርቅ ሲያሳይ መጀመሪያ ያሞግሳል፣ ቀጥሎ ይዘረጋል፣ ከዚያ እጥፋቱን፣ ከዚያ ቀለሙን፣ ከዚያ አገሩን፣ መጨረሻ ጥጡን ያስነካል፤ እኔ ቃላቱን በእጁ ላይ ነው የደረደርኳቸው' አሉት። አሁን እርስዎ ሲያደርጉት ስታይ ነው የገባት።"

ካሳ ወደ ሁለት እጆቹ ተመለከተ።

"እና ያስተማሩዎትን ሰውዬ ማየት ትፈልጋለች" አለ ወርቁ። "ጋሽ ካሳን። ሱቃቸው ይሄ ብረት የተጋደመበት ነው አላሉም? የት ሄዱ?"

ካሳ በግንባሩ የወረደውን ላብ በመዳፉ ጠረገ።

"ርቀው ነው የሄዱት? መቼ ይመለሳሉ?" ወርቁ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው። "አባቴ፣ አሞዎታል እንዴ? ኧረ ይሄን ጋቢ ያውልቁት፣ ሊያፍንዎት ነው!"

ከመስጊዱ በኩል ሰግዶ የተነሣ ሕዝብ ጉርምርምታ ከሩቅ ተሰማ። ጫማ የሚፈልጉ እግሮች፣ ሰላምታ፣ የጋሪ ድምፅ። ካሳ ጋቢውን ከአገጩ ላይ ገፈፈና ትከሻው ላይ ጣለው። ማተቡ በላብ ርሶ አንገቱ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ወርቁ አየ። አንዴ ማተቡን፣ አንዴ ፊቱን።

"ጋሽ... ጃፋር?"

"ጃፋር መስጊድ ነው" አለ ካሳ። "ካሳ እኔ ነኝ።"

"ኧረ የአምላክ ያለህ! ታዲያ እስካሁን..."

"ንገራት።"

"ምን ብዬ ልንገራት?"

"ዋሸ በላት።"

"ለምን ዋሸ ካለችኝስ?"

"ቀንቶ ነው በላት።"

ወርቁ ራሱን አከከ። አንዴ ወደ ሴትዮዋ፣ አንዴ ወደ ካሳ ዞረ። "ቅናትን በእንግሊዝኛ አላውቀውም፣ አባቴ። ስትናገር ይገባኛል እንጂ፣ እኔ ከአፌ የማወጣው ቀኝ፣ ግራ፣ ቤንዚን ነው።"

"እንግዲያው ጃፋር ሲመጣ ይንገራት" አለ ካሳ። "እሱ ያውቃል።"

እሱ ያውቃል ማለት ቀላል አልነበረም፤ ነገ ጠዋትም ቀላል አይሆንም። ቢሆንም ብሎታል።

ጋቢውን ከሴትዮዋ እጅ በትሕትና ተቀበለና አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ መለሰው። የሚቀመጥበትን ዱካ አንሥቶ ወጣና በሁለቱ ሱቆች መሐል፣ ግድግዳው ጥላ በጣለበት በኩል አስቀመጠላት። እየገረማት ተቀመጠች። ካሳ ጎንበስ ብሎ በጃፋር ደጃፍ ላይ የተጋደመውን ሜትር አየ፤ እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከሕዝቡ መሐል አንድ ነጭ ኮፍያ እየሮጠ ሲመጣ ታየው።

ካሳ ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ የራሱን ሜትር ከግድግዳው ላይ አወረደና በራሱ ደጃፍ ላይ አጋደመው። ከዚያም ከሁለቱም ሱቆች ውጭ ቆሞ ጠበቀ።